የጋሽ እንየው ንፍሮ

ቢቸና ውስጥ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች በራችሁ ላይ ቆመው ካያችሁ፣ ምን ሊሉ እንደመጡ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ሰው ሞቶባችኋል። ይህን ሥርዓት ያወጣው አባቴ ነው። እሱ የእድሩ ዳኛ ከመሆኑ በፊት መርዶ እንደ አጋጣሚው ነበር የሚነገረው፤ አንዱ ገበያ መሀል ይሰማል፣ ሌላው በስልክ ይነገረውና መንገድ ላይ ይወድቃል። አባቴ ይህን ሲያይ ከረመና እድርተኛውን ሰብስቦ «ከእንግዲህ መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። ጎህ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ሳይበታተን፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ መንገድ ላይ ሳያወሩ ሄደው ይንገሩ። ሁሉም እጁን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር ማለዳ በር ሲንኳኳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጣውን ሰው ፊት ሳይሆን ስንት ሆኖ እንደመጣ ነው።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ሠላሳን አልፌያለሁ፣ አላገባሁም፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት እኖራለሁ። እህትና ወንድሞቼ ወጥተው ሲያልቁ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለ አባቴ የነበረኝን ስሜትም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እወደው ነበር፣ ግን ከከተማው ጋር መካፈሉ ሰልችቶኝ ነበር።

አባቴ እንየው የሞጣ ሰው ነው። በጉልበቱ ዘመን ወፍጮ ይዞ ቢቸና መጣ፣ እናቴን ጥሩወርቅን አገባ፣ ከዚያ በኋላ ከሰው ጉዳይ ወጥቶ አያውቅም። የቦኖ ውሃ ሲገባ ኮሚቴው እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታደስ ድንጋይ የሚያስጭነው እሱ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ፣ የአንዱ በሬ የሌላውን ጤፍ ሲበላ ጋሽ እንየው ይጠራል። ወፍጮ ቤቱ እንኳ ለስሙ ነው ወፍጮ ቤት፤ ሴቶቹ እህላቸውን አስፈጭተው፣ ባላቸውን ከሰው ነበር የሚሄዱት። ማታ ራት ይቀርባል፤ እጁን ይታጠባል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ይነሳል። እናቴ ድርሻውን ትከድናለች። እኛ ልጆቹ ያደግነው ያንን ክዳን እያየን ነው።

እናቴ በዚህ ነገር ስትነጫነጭ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤት «ዛሬም አልገቡም?» ሲላት «የአገር ሰው ነው» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሁሉም ይህን እንደ ኩራት ይቆጥርላት ነበር። እኔም እንደዚያው።

ወደ ገጠመኙ ልመለስ። አባቴ ሰማንያን ተሻግሯል፤ ልቡም እንደ ድሮው አልሆን ብሎት ክኒን ይወስዳል። ሞጣ ያሉ የአጎቱ ልጅ ልጆች፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ በአንድ የጋራ ግድግዳ ተጣልተው ሊፈላለጡ ደረሱ ተባለና ሄደ። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። አልተመለሰም። ኔትወርክ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲጠፋ አንጠይቅም። ክኒኑን መስኮት ላይ ረስቶት ሄዷል። ያን ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ ያንን ክኒን እያነሳች ታስቀምጥ፣ እያነሳች ታስቀምጥ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናቴ በዚያ ሰዓት ኪዳን ነበር የምትሄደው፤ ያን ዕለት ጉልበቷን አሟት ቀርታለች። ከእኔ ቀድማ ከፈተች።

መሪጌታ ያዛቸው፣ የቀድሞው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ ሙሉሰው፣ ሌላም አንድ የእድሩ ሽማግሌ። ሦስት ናቸው። ነጭ ለብሰዋል። አያወሩም።

እናቴ አንድ ጊዜ አየቻቸው። በሩን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ እዬዬ አለች። መሪጌታ ደንገጥ ብለው ወደ አቶ ሙሉሰው ዞሩ፣ አቶ ሙሉሰው ወደ መሬት አዩ። ከዚያ መሪጌታ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ያዟትና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

በቃ። ሌላ ነገር ማን ይጠይቃል? የእጄ ሳሙና እንዳለ ነው የቆምኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰናዳው የኖረ ነገር ነው። ጎረቤታችን እትዬ የሺ በአጥሩ ቀዳዳ ዘው ብላ ገባች። እሷ ስትጮህ ሰፈሩ ሰማ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ደሴ ጫማውን ሳያስር ወጥቶ ነፋ። ወጣቶቹ ካስማና ሸራውን ተሸክመው መጡ፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ እያንዳንዱ የቱን ገመድ እንደሚይዝ ያውቃል። ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ጓሮ ውስጥ የንፍሮ ድስት ተጣደ። አንድ ሰው የአባቴን ፎቶ ከሳሎን ግድግዳ አውርዶ ድንኳኑ መሀል ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ሁሉም በየቦታው ነበር። የጎደለው አስከሬኑ ብቻ ነው።

አስከሬኑን ከሞጣ የማምጣቱ ነገር ለእኔ ተሰጠ። ሚኒባስ ተፈለገ፤ አቶ ሙሉሰው አብረውኝ እንዲሄዱ ተባለ። ከመውጣቴ በፊት እናቴን ልሰናበት ገባሁ። ሳሎኑ መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሴቶች ከበዋታል። ደረቷን እየመታች የምትለውን ሰማሁ፤ እኔ ብቻ ሳልሆን በር ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ።

«የአገር ባል! ለአገር ሲሮጥ ለእኔ ሳይደርስ ሄደ። ምሳውንም ራቱንም ከድኜ ጠበቅሁት። አንድ ቀን ትኩሱን አብሮኝ ሳይበላ አፈር ልታለብሱብኝ ነው?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለቅሶ ላይ ሙት ይወደሳል እንጂ እንዲህ አይባልም። ከዚያ አንዷ ጮክ ብላ አለቀሰችና ነገሩን ሸፈነችላት።

እኔ እንባ አልመጣልኝም። ነጠላዬን በለቅሶ ወግ ለብሼ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ሹፌሩ ለክብራችን ሲል ሬዲዮውን አጠፋ። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ያለው መንገድ ጤፍ በጤፍ ነበር፣ ገና አረንጓዴ። በመስኮቱ እያየሁ የማስበው ስለ እናቴ ቃል ነው። ስንት ዓመት አፏ ላይ ይዛው ኖረች? እሱስ ይህን ሳይሰማ ሄደ? እንደ ልጅ ተናደድኩበት፤ ከሞተ ሰው ጋር መጣላት ደግሞ አይመችም፣ መልስ አይሰጥም።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን «አቶ ሙሉሰው፣ እንዴት ሆኖ ነው የሞተው ተባለ?» አልኳቸው።

«እኔማ ምን አውቃለሁ፤ እናትህ ናት ዝርዝሩን የምታውቀው» አሉ።

«እናቴማ የሰማችው ከእናንተ ነው።»

አቶ ሙሉሰው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዳይሬክተር ሳሉ ተማሪ ሲያስቸግራቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። «እኛ ምንም አልነገርናትም። ሰምታ እያለቀሰች አገኘናት፣ አጽናናናት።»

«ስትከፍት አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እናንተን ስታይ ነው።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ማንም ቀንስ አላለውም።

«ታዲያ» አልኩ፣ «በዚያ ማለዳ ሦስት ሆናችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ ለምን መጣችሁ?»

አቶ ሙሉሰው መለሱ፤ ድምፃቸው ግን ጥፋቱ የተያዘበት ተማሪ ድምፅ ሆኖ ነበር። «አባትህን ልናመሰግነው ነበር። የእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ካባ ልናለብሰው አስበን። እሱ ምስጋና እንደማይወድ ታውቃለህ፤ ቢሰማ ያስቀረዋል። ስለዚህ እሱ ሞጣ እያለ፣ እናትህም ኪዳን እንደሄደች፣ አንተን ብቻ አግኝተን ፎቶውን ልንጠይቅህ ነው የመጣነው። በትልቁ ልናሳጥበው። ነጭ የለበስነው ከቤተ ክርስቲያን ስለመጣን ነው።»

«ዝም ያላችሁትስ?»

«ምስጢር ነዋ።»

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያለን ነገር ይህ ነበር፦ እናቴ ሽማግሌዎቹን አምና አለቀሰች፣ ሽማግሌዎቹ እናቴን አምነው አጽናኑ፣ ከተማው ሁለቱን አምኖ ድንኳን ተከለ። አባቴ ሞተ ያለ አንድ ሰው የለም።

«እንመለስ?» አለ ሹፌሩ።

«ተመልሰን ምን እንላለን?» አሉ አቶ ሙሉሰው። «አልሞተም እንዳንል አላየነውም። ሞቷል እንዳንል የነገረን የለም። ትናንት ይመጣል ተብሎ ደግሞ አልመጣም። ሰውዬው ሰማንያ ዓመት አልፎታል፣ ክኒኑንም ረስቷል። ንዳ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አዝኜ ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ። ሞቷል ብዬ ስሄድ ሊከፋ የሚችል ነገር አልነበረም። አሁን አባቴ ዳግመኛ ሊሞትብኝ ይችላል። ጉንደወይን ላይ ከሞጣ የሚመጣ አውቶብስ ቆሞ አየንና ሹፌሩ «ልጠይቅ?» አለኝ። «አትጠይቅ» አልኩት። መስማት አልፈለግሁም። አቶ ሙሉሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዳዊታቸውን ይደግሙ ጀመር።

ሞጣ ገባን። የወንድማማቾቹ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመኪና ወርጄ ወደ ውስጥ አየሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሶ ግድግዳ ጥግ ተደርድሯል፤ ማንም አይናገርም። አቶ ሙሉሰው እጄን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ወንድ ነህ» አሉኝ።

ገባሁ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ከመሀከላቸው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጭራውን ጭኑ ላይ አድርጎ አባቴ ተቀምጧል።

ለምን ዝም እንዳሉ በኋላ ገባኝ። አባቴ ሽምግልና ሲቀመጥ ልማዱ ነው፤ ጠበኞቹ ብዙ ከተናገሩ አፋቸውን ያስይዛቸውና ዝምታው እስኪሰለቻቸው ድረስ ሁሉንም ዝም ብሎ ያስቀምጣል። የዚያ ቀን ጠበኞች ደረቅ ነበሩ፤ ዝምታው ከትናንት ጀምሮ ነው።

አባቴ ነጠላዬ እንዴት እንደተለበሰ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «መቼ?»

«ዛሬ ማለዳ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማንም።»

አቶ ሙሉሰው ቀረብ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱት። አባቴ የሁለት ሰዎች ክስ እንደሚሰማ ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ሲጨርሱ «ድንኳኑ ተተከለ?» አለ።

«ፀሐይ ሳትሞቅ» አሉ አቶ ሙሉሰው፣ ሳያስቡት በኩራት።

«ጥሩ ነው። ደሴ ግን ሳያጣራ ነው የነፋው?»

«ሳያጣራ ነው።»

«ይኼ ጥሩ አይደለም» አለ አባቴ።

እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከማለዳ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ሞጣ ላይ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ሰውዬው በሕይወት ተቀምጦ እያየሁት መጣ። አባቴ ለማን እንደማለቅስ ግራ ገብቶት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በል በቃህ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም» አለኝ። «እነዚህን ልጆች አስታርቄ እንሄዳለን።»

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ፍራሽ ላይ ናት!»

«አውቃለሁ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ሽምግልናውን ያዳኑት ራሳቸው ጠበኞቹ ናቸው። ታላቅየው ተነስቶ «ጋሼ፣ እንዲህማ ከሆነ ግድግዳው ይቅርብኝ፣ እርስዎ ይሂዱ» አለ። ታናሽየው ደግሞ «ለምን ለአንተ ይቅርብህ? ለእኔ ይቅርብኝ» ብሎ ተነሳ። በዚህ ሊጣሉ ሲሉ አባቴ በጭራው ሁለቱንም ገላግሎ አሳሳማቸው። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል፤ የኔ ነው የሚል ጠፍቷል።

ስንመለስ አባቴ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ ደህና ስሜት ላይ ነበር። ማን ማን እንደመጣ ጠየቀ፣ አግዳሚው እንደበቃ ጠየቀ። ካባ ሊያለብሱት እንደነበር ሲሰማ አቶ ሙሉሰውን በቁጣ አያቸው፤ ከዚያ ነገሩ አስቆት ወደ መስኮቱ ዞረ። ጉንደወይንን እንዳለፍን ወደኋላ ሳይዞር «እናትህስ ምን አለች?» አለኝ።

አቶ ሙሉሰው ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉ። ትርጉሙ ገብቶኛል፤ ዝም በል ነው። እኔ ግን እሷን አሰብኩ። ሰውዬው ቤት ሲገባ እሷ ከደስታዋ ብዛት ያንን ቃል መልሳ ትውጠዋለች። ነገ ራት ላይ በሩ ይንኳኳል። እሱም ይነሳል።

«አልቅሳለች» አልኩ።

«እሱማ ታለቅሳለች። ምን አለች ነው ያልኩህ።»

«የአገር ባል አለችህ። ምሳውንም ራቱንም ከድኜ ጠበቅሁት፣ አንድ ቀን ትኩሱን አብሮኝ ሳይበላ አፈር ልታለብሱብኝ ነው አለች።»

አባቴ ጭራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ነው የተናገረው፤ «ሙሉሰው፣ እውነት እንዲህ ብላለች?»

«ብላለች፣ ጋሽ እንየው። እኔም ሰምቻለሁ።»

«ሰው ነበር?»

«ሰው ሁሉ ነበር።»

«ሰው ሁሉ» አለ አባቴ። ከዚያ በኋላ ቢቸና እስክንቃረብ ድረስ መንገዱን ሲያይ ሄደ። ከኋላ ሆኜ በጎን አየሁት፤ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የከተማው መግቢያ ላይ ሹፌሩን አቁም አለው። ወሬው ቀድሞን ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን ስልክ የለም። በዋናው መንገድ ብንሄድ ድንኳኑ ፊት ለፊት ነው የምንወርደው፤ ደካማ ልብ ያለው ለቀስተኛ ብዙ ነው። እናቴም ደም ግፊት አለባት። «ለመርዶ ሥርዓት አወጣሁ» አለ አባቴ፣ «ለዚህ ግን አላወጣሁም።»

«ሦስት ሆነን እንሂድ?» አሉ አቶ ሙሉሰው።

አባቴ አያቸው። አቶ ሙሉሰው ሐሳባቸውን መልሰው ወሰዱ።

በመጨረሻ እኔ ቀድሜ እንድነግራት፣ አባቴ በእትዬ የሺ ጓሮ በኩል ቀስ ብሎ እንዲመጣ ተስማማን። እኔ በፊት ለፊት ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሲያየኝ አስከሬኑ መጣ ብሎ ተነሳ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። በእንባው መሀል ተጋፍቼ ሳሎን ገባሁና እናቴ ፊት ተንበረከኩ።

«እማዬ፣ አባዬ አልሞተም።»

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «አይዞህ ልጄ» አለችኝ።

«እውነቴን ነው፣ በሕይወት አለ፣ አየሁት፣ አናገረኝ።»

«ወይኔ ልጄን» አለች እትዬ የሺ። «ሐዘኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት።» ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ይዘው ውሃ በፊቴ ላይ ረጩብኝ። አንዷ ጠበል ይሻለዋል አለች። «አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብስ ነበር። የተማረ ሰው ሲያብድ ያሳዝናል መሰለኝ።

ያዳነኝ የጓሮው በር ነው። ተከፈተና አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሲሾልክ ጋቢው ላይ ጭራሮ ተጣብቆበታል። የጮኸም አለ፣ የወደቀም አለ፣ በፊት ለፊቱ በር ሮጦ የወጣም አለ። እትዬ የሺ አማተበችና መስኮቱ ስር ተለጠፈች።

እናቴ አልጮኸችም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ትናንት እመጣለሁ አላልክም?» አለችው።

«ጉዳዩ አላልቅ አለ» አለ አባቴ።

እንደዚያ ተያዩ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፤ ይሄኛው ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። አባቴ በእርጅና ጉልበቱ እየተንገዳገደ መጣና አጠገቧ፣ የራሱ ለቅሶ ፍራሽ ላይ፣ ተቀመጠ።

«የሚበላ አለ?» አላት።

«ምን ይኖራል? እሳት ላይ ያለው ንፍሮ ብቻ ነው።»

«ትኩስ ነው?»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ረጅም ጊዜ አየችው። ያለችውን እንደነገርኩት ገባት መሰለኝ። «አሁን የወጣ ነው» አለች።

ለቀስተኛ ሊበላው የተቀቀለው ስንዴና ባቄላ በሳህን መጣ። ቤቱን ለቀን ወጣን። በበሩ ክፍተት ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ይዘግናሉ፣ ባቄላው ያቃጥላቸዋል፣ እፍ እፍ ይላሉ።

ውጭ ደግሞ ከተማው በሙሉ ቆሟል። ወሬው ተሰራጭቷል፣ ግማሹ አምኗል፣ ግማሹ አላመነም። መሪጌታ ያዛቸው ተጠግተውኝ በሹክሹክታ «አስከሬኑ የት አለ?» አሉኝ።

«ንፍሮ እየበላ ነው» አልኳቸው።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በሩ ሲንኳኳ የተነሳ ሰው ነው። ያን ቀን በሩ ተንኳኳ፣ አንዴም ሁለቴም። የከተማው ሽማግሌዎች፣ የቀበሌው ሰው፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡ ወዳጆቹ ደጁ ላይ ነበሩ። አባቴ ከውስጥ «እየበላን ነው፤ ጠብቁ» አለ። ጠበቁ።

ሲወጣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ሰዎች ነካኩት፣ ሳሙት፣ አንዳንዱም ሱቁን ዘግቶ በመዋሉ ቅር ብሎት አየው። ደሴ ጡሩንባውን ታቅፎ «ጋሼ፣ አሁን እኔ ምን ብዬ ልመልሰው?» አለ። አባቴ «ተወው፣ አንድ ቀን ይደርሳል» አለው። መሪጌታም ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ካባው ተገዝቶ እያለ ሌላ ቀን መጥራቱ ትርፍ ድካም ነው ብለው እዚያው አለበሱት። አባቴ እምቢ ለማለት ደክሞት ነበር። ያለው ሁለት ነገር ነው፤ ሌላ የእድር ዳኛ ምረጡ፤ ራት ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ደጅ ይቀመጥ።

ይህን ገጠመኝ ለሰው ሳወራ ሁሉም ይስቅና «ሰውን በቁሙ ማመስገን ነው» ይለኛል። ይሁን፤ እሱም እውነት ነው። እኔን የለወጠኝ ግን ሌላው ነው። እናቴ ያንን አንድ ነገር ለመናገር ባሏ መሞት ነበረበት። በቁሙ እያለ ለማን ትንገር? ለማን ትክሰሰው? የተጣላ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፣ እናንተም ጥሩ ሰው የምትባሉ ከሆናችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚፈልጋችሁ ከሆናችሁ፣ ቤታችሁ ያለችው ወይም ያለው ሰው ምን በሆዱ ይዞ ዝም እንዳለ ጠይቁ። እኔ ከዚያ በኋላ አገባሁ፤ ባለቤቴን ይህን መጠየቅ ልማዴ ነው። ብዙ ጊዜ «ምንም» ትለኛለች፤ አልፎ አልፎ ግን ትናገራለች፣ እኔም አልወደውም፣ ግን እሰማለሁ።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላም ሰው ማስታረቁን አልተወም፤ ከራት በኋላ አደረገው እንጂ። ዓመታት ተጨመሩለት። በስተመጨረሻ አንድ ቀን አልጋው ላይ እንደተኛ፣ በሰላም፣ እውነተኛው ሞት መጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ደሴም ነፋ፣ ይህን ጊዜ ሦስት ጊዜ አጣርቶ።

እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ምን ትል ይሆን ብዬ ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ። ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

«ጨው አነሰ የሚለኝ፣ ጨው በዛ የሚለኝ! ከእንግዲህ ወጤን ማን ይነቅፍልኛል?»